ሥራው ከበዓል በፊት፣ ሒሳቡ ከበዓል በኋላ

በዓል ሲቃረብ አገሩ ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ "በግ ስንት ገባ?" እኔ ዘንድ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ "ሎጎው ትንሽ ከፍ አይልም?"

ሥራዬ ግራፊክስ ዲዛይን ነው፤ በግሌ ነው የምሠራው። እኩዮቼ ፍሪላንሰር ይሉኛል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያሉት ጎረቤቶቼ ደግሞ "እሱ እንኳ ቤት ነው የሚውለው" ብለው ያውቁኛል። ክፋት የለበትም። በማለዳ ሰፈሩ በሙሉ በሰርቪስና በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ መሃል ከተማ ሲነጉድ፣ እኔ በነጠላ ጫማ ዳቦ ስገዛ የሚያየኝ ሰው ሌላ ምን ይበል? ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሜ ሰማይ ሰማይ ሳይ ያየኛል። ስለ ቀለም ቅንብር እያሰብኩ እንደሆነ በምን ይወቅ?

በዘወትሩ ቀን ይህ ብዙ አይጎዳኝም፤ ጉዱ የሚፈላው በዓል ሲመጣ ነው። "ቤት ነህ አይደል?" የሚል ጥያቄ ካልሰማሁ ዋዜማው ዋዜማ አይመስለኝም። ቤት ነኝ፤ ስለዚህ የሦስተኛ ፎቆቹ ሲሊንደር ሲመጣ የምረከበው እኔ ነኝ። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ የማን ጀሪካን ሞላ፣ የማን ቀረ ብዬ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ ገበያ ወርደው ዶሮ ይገዙና እግሯ እንደታሰረ ያስረክቡኛል፤ "ልጄ፣ ይቺን ያዝልኝ፤ አንተ እንደሁ ቤት ነህ" ይሉና ለሽንኩርቱ ይመለሳሉ። አንድ የገና ዋዜማ ከአዲስ ደንበኛ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ዶሮዋ ከጠረጴዛው ሥር ጮኸች።

"ቢሮህ የት ነው?" አለኝ ሰውዬው።

"አቃቂ ቃሊቲ።"

"ገባኝ" አለ። ምን እንደገባው ግን አልነገረኝም።

የዋዜማው ዋና ዕዳ ዶሮዋ ብትሆን ኖሮ ምን ነበረበት። ድሮ በሬዲዮና በጋዜጣ የመልካም ምኞት መግለጫ የሚያስነግሩት ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ዛሬ ጎሚስታው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሻጩ፣ የሕፃናት ማቆያው ሁሉ የቴሌግራም ቻናል አለው፤ ቻናል ያለው ሁሉ ደግሞ "እንኳን አደረሳችሁ" ማለት አለበት። ይህን የሚያስታውሰው በዋዜማው ምሽት ነው። ገና ድብቅ ቀን ይመስል! በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በቀሩት ዘመናት ታኅሣሥ 29 መዋሉን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ አገር የጾመው ለእሱ ነው። ደንበኞቼን ግን ዘንድሮም እንደ አምናው ድንገት ይደርስባቸዋል። "ትንሽ ነገር ናት፤ ዐሥር ደቂቃ አትፈጅብህም" ይሉኛል።

ቃሊቲ ቆርቆሮ የሚነግድ አንድ ደንበኛ አለኝ። ለገና የቤተልሔሙን በረት ሠርቼ ላክሁለት፤ ግርግሙ አለ፣ ከብቶቹ አሉ፣ ሰብአ ሰገል በግራ በኩል እየመጡ ነው፣ ኮከቡ ከላይ ያበራል። ሰውዬው ብዙ ዝም አለና ደወለ።

"ያምራል። ግን ጣሪያው ሣር ነው።"

"በረት ነው እኮ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። የእኛን ቆርቆሮ ብናለብሰውስ? ባለ ቀለሙን፣ አረንጓዴውን።"

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሥነ መለኮቱን ልከራከረው አሰብኩና የቤት ኪራዩን አስታወስኩ። ሰብአ ሰገልን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ በረቱን አረንጓዴ ቆርቆሮ አለበስኩት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመጣው መልእክት ምስጋና መስሎኝ ከፈትኩት፤ "የኮከቡ ብርሃን ቆርቆሮው ላይ ቢያንጸባርቅስ?" ይላል።

ሒሳቡ ታዲያ "ከበዓል በኋላ" ነው። ይህቺን ሐረግ የፈጠራት ሰው በኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ የተካነ መሆን አለበት። ገና ካለፈ በኋላ ጥምቀት አለ፤ "ጥምቀትን እንለፍና" ይባላል። ጥምቀት ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ "በጾሙ ገበያው ቀዝቅዟል፣ ለፋሲካ እንነጋገር" ይባላል። እንቁጣጣሽ ለመስቀል ያስረክባታል። በዓል የማይከተለው በዓል እስኪመጣ ድረስ ዕዳው ከበዓላቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ሥራው ግን ከበዓል በፊት ማለቅ አለበት፤ በዚያማ ማን ይቀልዳል!

አቃቂ እንዲህ ያለ ሰው የሚኖርባት አገር አልነበረችም። አቃቂ የፋብሪካ አገር ናት። ከእኛ ብሎክ በታች የሚኖሩ፣ በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ላፕቶፔን ታቅፌ ደረጃ ላይ ሲያዩኝ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ "ሺፍትህ ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ነው። ሺፍት የለኝም ስላቸው ያዝናሉ፤ በእሳቸው አፍ ሺፍት የለውም ማለት ዘመድ የለውም እንደ ማለት ነው። የእሳቸው ዘመን ማሽን ሌት ተቀን ይዞራል፤ አያርፍም። ሰውዬው ግን ያርፋል፤ ምክንያቱም ሰዓቱ ሲደርስ ቦታውን የሚረከበው ሰው ከኋላው ቆሟል። "ልቆይ ብትልስ ማን ያስቆይሃል? 'ዞር በል ወንድሜ' ነው የሚልህ" አሉኝ። የሌሊት ሺፍት ክፉ እንደነበረ፣ ጆሯቸው ዛሬም ድረስ የሽመና ማሽኑን እንደሚሰማ አልደበቁኝም። ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ሥራው እዚያው ይቀራል። እኔን "ዞር በል ወንድሜ" የሚለኝ ማን ነው? ላፕቶፑ አልጋዬ ላይ ነው የሚያድረው።

ሕጉም ቢሆን የእሳቸው ወገን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይበቃል ይላል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍት ያዝዛል፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ በሕዝብ በዓል የሠራ ሠራተኛም ለሠራበት ሰዓት እጥፍ ይከፈለው ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ሳነበው ሰው ሠርግ ላይ የቆምኩ ያህል ደስ አለኝ። የሚመለከተኝ ዐረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም የሚለው። ስለዚህ አሠሪውም ሠራተኛውም እኔው ነኝ። ሠራተኛው ፈቃድ ሲጠይቅ አሠሪው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም፤ አሠሪው ሲቆጣ ሠራተኛው ማኅበር የለውም።

ውጭ አገር ደንበኛ ያለው ደግሞ በሁለት ቀን መቁጠሪያ ይገረፋል። ጀርመን አገር ያለች አንዲት ደንበኛዬ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ገናዋ ታኅሣሥ 16 ላይ መዋሉ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ "ለበዓል ከመውጣታችን በፊት ይለቅ" ትላለች፤ ጾሜን እየጾምኩ አስረክባታለሁ። ከዚያ ትጠፋለች። እነሱ ሲያርፉ በእውነት ያርፋሉ፤ ኢሜይል ብትልክ ማሽኑ ራሱ "የለችም" ብሎ ይመልስልሃል። አዲስ ዓመታቸውን አክብራ፣ ተኝታ፣ ጠግባ፣ በአዲስ ጉልበት የምትመለሰው መቼ ይመስላችኋል? ልክ የእኛ ገና ዋዜማ ላይ። "እንግዲህ በዓሉ አለፈ፣ ወደ ሥራ!" ብላ ስትጽፍልኝ እኔ በአንድ እጄ የእትዬን ዶሮ፣ በአንድ እጄ የሰው ጀሪካን ይዣለሁ። የኛ ገና ነገ ነው ብዬ ጽፌላት ነበር። "ሁለት ጊዜ ማክበር መታደል ነው" አለችኝ።

ይህ ሁሉ ቅንጦት እንዳይመስልብኝ አንድ ቁጥር ልጥራ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ይበልጣል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም 745,000 ሰው ሞቷል። ይህን ለቆርቆሮ ነጋዴው ብልክለት "ጥሩ መልእክት ነው፤ ፖስተር ይሠራበትና ሎጎ ይግባበት" እንደሚለኝ ጥርጥር የለኝም።

ፍሪላንሰርነት ከላፕቶፕ ጋር የመጣ የሚመስለው ካለ የገና ዕለት ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ይምጣ። ገና ጎህ ሲቀድ አራጁ በብሎኮቹ መካከል "አራጅ! አራጅ!" እያለ ይዞራል፤ ቦቲ ጫማ፣ ያረጀ ጋዋን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካራ። አለቃ የለው፣ ደመወዝ የለው፣ የሥራ ውል የለው፤ ደንበኛው ሁሉ "ከሁሉ በፊት የእኔን" ይላል፤ ሥራው በሙሉ በአንድ ጠዋት ነው። ከእኔ የሚለየው ሙያውን ማወቁ ነው። ከኮሙናሉ ጎን በግ ሲገፍ ቆሜ አየሁት። ቆዳውን ከእግሩ ጀምሮ በጡጫው እየገፋ ሲያወጣው አንዲት ቀዳዳ የለበትም፤ ዛሬ የበግ ቆዳ ዋጋ ወድቆ ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ ጠፍቷል፤ እሱ ግን ሊሸጠው እንዳሰበ ሰው ይጠነቀቃል። ግማሽ ሒሳቡን ሳይቀበል ካራውን ከጋዜጣው አያወጣም። "ከበዓል በኋላ የሚልህ የለም?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "በጉ ታርዶ እያለ?" አለኝ፤ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው።

በአራተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች አርፍደው ኖሮ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ወረዱ። ካራውን አጥቦ ጠቅልሎታል።

"አንዲት በግ ናት፤ ዐሥር ደቂቃ አትፈጅብህም" አሉት።

ቃሏን ስሰማ ሰውነቴ ራሱ አወቃት።

"ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።"

እጥፍ እንክፈልህ አሉት፤ አዋጁ የሚለውን ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ምስጋናውን አቀረበና በቦቲው እያንጓጓ ወደ ገላን በኩል ሄደ። በጉ ያን ሌሊት በረንዳ ላይ አደረ። በብሎካችን በዓሉን በወጉ ያረፈ እሱ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ መጡ። እትዬም ድፎ ይዘው ተከትለዋቸው ገቡ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበርና አባ ጠበሉን ሲረጩ ላዩ ላይ እንዳያርፍ በእጄ ጋረድኩት። አይተውኛል።

"ይህ ነገር ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተር ነው አባ። በዓል ቀን መንካቱ በዓል መሻር ይሆን ይሆን?"

አባ ተቀመጡ። ነገሩን በቀላሉ የሚያዩት ሰው አይደሉም።

"ያርሳል?"

"አያርስም።"

"ይፈጫል?"

"አይፈጭም አባ፤ ሲሞቅ ግን ድምፅ አለው።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ገንዘብ ያመጣል። ከበዓል በኋላ።"

"እንግዲያው ሥራ ነው" አሉ፤ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። "ዝጋው።"

እትዬ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። "ሥራ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጌም የሚጫወት ይመስለኝ ነበር!" አሉ። ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተገለጠልኝ። ለካስ ጣቴ ላፕቶፑ ላይ ሲሯሯጥ ዝም ብለው የሚያልፉኝ፣ ይባስ ብሎም "ተጫወት ልጄ፣ በዓል ነው" የሚሉኝ ለዚህ ኖሯል! እሳቸው የገጠር ልጅ ናቸው፤ በ21 ማርያም፣ በ12 ሚካኤል፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር አንዲት ክር በመርፌ ቀዳዳ አያስገቡም። በአገራቸው በዓል ቀን ጥማድ አውጥቶ መገኘት የገበሬው የግል ጉዳይ አይደለም፤ በረዶ ቢወርድ የሚወርደው በመንደሩ አዝመራ ሁሉ ላይ ነውና ጎረቤት ይቆጣል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ሰነፍ ሆኖ ያረፈም፣ ሥራ ወዳድ ሆኖ እያማረረ ያረፈም እኩል ያርፋል። ስንፍና የሚያበዛ ልማድ ነው እያሉ ብዙዎች ሲተቹት ኖረዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ የበዓሉ ብዛት ለእርሻውም ሳይከብድ አልቀረም። ነገር ግን ሰው እንዲያርፍ የራሱን ፈቃድ ብቻ መጠበቅ እንደማያዛልቅ ያ ገበሬ ከእኔ በፊት አውቆታል።

በእረፍት ጉዳይ የተጣላ ሕዝብ መሆናችንንስ ማን ያስታውሰናል! የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ይሁን ብለው ተወገዙ፣ ተሰደዱ፣ ክህነት ተከለከሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች ይከበሩ ብለው እስኪያበቁት ድረስ ክርክሩ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ለእረፍት ሲሉ መቶ ዓመት ያላረፉ ሰዎች! የእነሱ ልጅ ነኝ፤ ቅዳሜን በመከራ አስገኝተውልኝ እኔ በቅዳሜ የማን ሎጎ ሳተልቅ እውላለሁ።

አባ ከፈረዱ በኋላ እትዬ ተለወጡ። ወንጀለኛ አጠገባቸው ሲኖር የኖረ ያህል ተሰማቸው መሰለኝ። በየበዓሉ ረከቦቱ ሳይዘረጋ በፊት በሬን ያንኳኳሉ፤ "አምጣ" ይላሉ፤ ቻርጀሩን ይወስዳሉ። ባትሪው ያረጀ በመሆኑ ላፕቶፑ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ይህን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከዚያም ስልኬን ጨመሩ። ጥምቀት ዕለት ታቦቱን ሸኝተን ተመልሰን፣ ፈንዲሻው ፊታችን፣ አቦሉ ተቀድቶ ሳለ ስልኬ ከእትዬ መቀነት ውስጥ ጮኸ። አውጥተው አራቁና አዩት።

"'የቆርቆሮው' ይላል። ማነው?"

"ይተዉት እትዬ።"

አነሡት። ድምፅ ማጉያውን የነካኩት ሳያውቁ ነው።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ኧ… ልጁን ነበር። ትንሽ ነገር ናት፤ ለጥምቀት እንኳን አደረሳችሁ የምትል…"

"ጥምቀትማ ዛሬ ነው ልጄ። አንተ በዓል የለህም እንዴ?"

"አለኝ እማማ፤ እሱም ዐሥር ደቂቃ…"

"የገናውን ከፍለኸዋል?"

ዝም አለ። የፈንዲሻ ድምፅ ይሰማል።

"ከበዓል በኋላ ብዬው ነበር።"

"ከየትኛው በዓል?"

ሰውዬው ቆርቆሮ በመነገድ በኖረበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እትዬ መልስ አልጠበቁም፤ "ደህና ዋል፤ እንኳን አደረሰህ" ብለው ስልኩን ወደ መቀነታቸው መለሱት። ቶናው አልቆ በረካው ሳይቀዳ የባንክ መልእክት ገባ። የገናውን ብቻ ሳይሆን እኔ ራሴ የረሳሁትን የእንቁጣጣሹንም አንድ ላይ ነው የላከው።

ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ነገር ሲነሣ ደንበኞቼን ለእትዬ አስተላልፋለሁ። ከማስገባልህ ላይ ዐሥር በመቶ ቢሰጠኝ ቅር አይለኝም ብለው በልጃቸው በኩል አስጠይቀውኝ ተስማምተናል። ጀርመኗንም ሊያናግሯት ሐሳብ አላቸው፤ "በምልክት እንግባባለን" ይላሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀምጠዋል፤ በ21 ስልክ አያነሡም።